አንዲት የፓምፕ ጎማ ፍለጋ፦ ከባሕር ዳር እስከ ደሴ

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ማንም አላከኝም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በራሴ ኪስ ነው የወጣሁት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከወረዳ የሚመጣውን ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባለሁ፣ በእንግሊዝኛ አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ለለጋሹ እልካለሁ። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ኩንታል ታደለ። አምና አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ስሄድ፣ ሪባን ሲቆረጥ ቆሜ ፎቶ ያነሳሁትን የውሃ ጉድጓድ በአጋጣሚ አየሁት። እጀታው በገመድ ታስሯል። በአጥሩ ውስጥ ፍየሎች ተኝተዋል። ሴቶቹ ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሰዋል። የእኔ ሰንጠረዥ ግን ዛሬም ድረስ «ተጠናቋል» ይላል። ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያልተበላሸው ጉድጓድ ለምን እንዳልተበላሸ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ቁልቁለቱ ያስፈራል። አስፋልቱ በብዙ ቦታ ተጨማዷል፤ መሬቱ ራሱ ስለሚንሸራተት መንገዱ አብሮት ይሄዳል። ታች ወንዙ ላይ አሮጌውና አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አዲሱ 303 ሜትር ይረዝማል። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። እንዲህ ያለውን እርዳታ ለመውደድ ምንም ጥናት አያስፈልግም። ከጎኔ የተቀመጠው የጎጃም ነጋዴ ድልድዩን ስናልፍ «እግዜር ይስጣቸው» አለ፤ ከልቡ ነበር።

ግን ድልድይ ጠጋኝ አለው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገድ ፈንድ የሚባል መሥሪያ ቤት ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የመንገድ ጥገና ይሸፍናል። በየገደሉ ሥር ያለችውን የእጅ ፓምፕ የሚጠግናት ማነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ መራዊን አልፌ ሲመሽ ባሕር ዳር ገባሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ጠዋት በድሮው ፖሊቴክኒክ በኩል በእግሬ አለፍኩ። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኖ ያስተምራል። የሰጠው አገር ከዓለም ካርታ ላይ ጠፍቷል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አለ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጡረታ ከወጡ የውሃ መሐንዲስ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን። ዕድሜያቸውን በገጠር ውሃ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ፊንላንድ በአማራ ክልል የገጠር ውሃን መደገፍ የጀመረችው በ1994 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ነገሩኝና እንዲህ ብለው ቀጠሉ፦

«መጀመሪያ ሁሉን ነገር የምንሠራው እኛ ነበርን። ሲሚንቶውን የምንገዛ እኛ፣ ፓምፑን የምናመጣ እኛ፣ መኪናውም የእኛ። ገበሬው ድንጋይ ያቀብላል። ሲበላሽ ታዲያ ማንን ይጠራል? እኛን። ‹ፓምፓችሁ ተበላሸ› ብሎ ይልክብናል። ፓምፓችን አይልም።»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ በ2003 እ.ኤ.አ. ገንዘቡን ለእነሱ ሰጠን።»

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። መንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ራሱ ያመለክታል። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ አዋጥቶ ያስቀምጣል። ሲፈቀድለት የግንባታው ብር በብድርና ቁጠባ ተቋም ቅርንጫፍ በኩል በኮሚቴው ስም ይገባል። ድንጋይ ጠራቢውን የሚቀጥሩት እነሱ ናቸው። ሲሚንቶውን የሚገዙት፣ ለተሠራው የሚከፍሉት፣ ለሕዝቡ ሒሳብ የሚያቀርቡትም እነሱው። የወረዳው ባለሙያ ያሠለጥናል፣ ይቆጣጠራል።

«ሁሉም ሰው ‹ይበሉታል› አለን» አሉ መሐንዲሱ። «የቢሮ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ገበሬ እኮ የጎረቤቱን ብር በልቶ የት ይገባል? ለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ፣ ማኅበር አብረው ይጠጣሉ።»

ይህ አሠራር ኋላ ላይ ኮዋሽ በሚባለው ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎች ሄደ፤ በአገር አቀፉ የውሃና ንጽሕና ፕሮግራም ውስጥም አንድ የታወቀ መንገድ ሆነ። አማራ ክልል ገጠር ውስጥ የተፈተነ ነገር ነው። ይህን ስሰማ ኩራት ተሰማኝ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የፓሪሱን ስምምነት አሰብኩ። በ2005 እ.ኤ.አ. ለጋሾችና ተቀባይ አገሮች ፓሪስ ተሰብስበው እርዳታ እንዴት ፍሬ እንደሚያፈራ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም አለችበት። ተቀባዩ ባለቤት ይሁን፣ ለጋሹ በአገሩ አሠራር ይጠቀም፣ ለጋሾች እርስ በርስ ይቀናጁ፣ ውጤት ይታይ፣ ሁለቱም ወገን ይጠየቅ። 13 ግብ አስቀመጡ። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. እንዲደረስባቸው ከታሰቡት ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ደረጃ የተሟላው 1 ብቻ ነበር። እኔ ያን ሰነድ በሪፖርቴ መግቢያ ላይ ስጠቅሰው ኖሬያለሁ። «ባለቤትነት» የምትለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት! እንደዛሬው ገብታኝ ግን አታውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ወደ ደብረ ታቦር። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የፎገራን ሜዳ ሳይ ዓይኔ አልጠግብ አለ። የሩዝ አገር ነው፤ አሁን አጨዳው አልፎ ሽንኩርት ተተክሎበታል። ሩዙን እዚህ ያስተዋወቁት በደርግ ጊዜ የመጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ሄዱ፤ ዘሩ ግን ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዳረሰ። ዛሬም ድረስ ኤክስ ጅግና የሚባል ዝርያ አለ፣ በአካባቢው ቀበሌ ስም። ለሩዝ ዘር መለዋወጫ አያስፈልገውም። ለዚህ ይሆናል እንዲህ የጸናው።

ደብረ ታቦር ብርድ ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ በልቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

የዛሬዋን ቀን ረዘም አድርጌ ልጻፋት።

ከአንድ የወረዳ ውሃ ባለሙያ ጋር ከመንገድ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን፤ ፋርጣ ወረዳ ውስጥ ነው። ሥላሴ ስለሆነ የሚያርስ የለም። ኮሚቴውም ስብሰባውን በበዓል ቀን የሚያደርገው ሰው እንዳይጎድልበት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሰዎች ነጭ እንደለበሱ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ከግራሩ ወረድ ብሎ በእንጨት የታጠረ የእጅ ፓምፕ አለ። አጥሩ በር አለው፤ በሩ ቁልፍ አለው።

ፓምፑ ሰሞኑን ውሃ እየቀነሰ ነበርና ከስብሰባው በፊት ሊጠግኑት ነው። ጠጋኞቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት ወጣት ሴት። ከተማ ሄደው የሠለጠኑ የመንደሩ ልጆች። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚሉት ዓይነት ነው። ሲነደፍ ጀምሮ የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለተለመደው ጥገና አንድ መፍቻ ይበቃዋል። ልጅቷ መፍቻውን ከኮሚቴው ሣጥን አወጣች። ክዳኑን ፈታች። ከዚያ ሁለቱ ተጋግዘው ዘንጎቹን አንድ በአንድ ከጉድጓዱ እየሳቡ ያወጡ ጀመር። እያንዳንዱን ዘንግ አፈር እንዳይነካው ንጹሕ ቅጠል ላይ ያጋድሙታል። ልጆች ተሰብስበው ያያሉ፤ ማንም ሂዱ አይላቸውም።

በመጨረሻ የፓምፑ ልብ ወጣ። ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለች ጥቁር ጎማ አለች። ባለሙያዎቹ ዩሲል ይሏታል። ጠርዟ ተበልቶ ሳስቷል። ውሃውን እየሳበች ወደ ላይ የምታመጣው እሷ ናት፤ እሷ ካለቀች ሴቶቹ በከንቱ ይለፋሉ። ልጅቷ አሮጌውን በጥፍሯ ነቅላ አዲሱን ውሃ ነክራ አስገባች። ዘንጎቹ በተራ ተመለሱ። እጀታውን መግፋት ሲጀምሩ ሁሉም ዝም አለ። ከታች የአየር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቆየት ብሎ ውሃው ዱብ ዱብ አለ፣ ከዚያ ፏ ብሎ ወረደ። አንዲት እናት እልል አሉ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዘጠኝ ዓመት ስለ ውሃ ስጽፍ ፓምፕ ሲጠገን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሒሳብ። ገንዘብ ያዧ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው። ማንበብ ብዙም አልተማሩም። ልጃቸው ደብተሩን ያነባል፤ እሳቸው ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል። ልጁ ሲሳሳት ከአፉ ነጥቀው ያርሙታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ ያዋጣል። ሁለት አቅመ ደካሞች አይከፍሉም፤ ይህም በደብተሩ ላይ ተጽፏል። አንድ ሰውዬ ለጥበቃው የሚከፈለው በዛ ብለው ተነሡ። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ለአሥር ብር ልዩነት ግማሽ ሰዓት! በእኔ ቢሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወጪ ፊርማ ሲያገኝ እንዲህ አልተጨነቅንበትም።

ስብሰባው ሲያልቅ ገንዘብ ያዧ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንተ አገር ለአገር ትዞራለህ አሉኝ።»

«አዎ እማማ። ወደ ወልዲያና ደሴ ነው የምሄደው።»

ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈቱ። ያች የተበላችው ጎማ ናት። «ዛሬ የገባችው የመጨረሻዋ ናት። ደብረ ታቦር ጠይቀናል፤ የለም። ብሩ አለን፣ ዕቃው ነው የጠፋ። እስቲ ይህችን አሳያቸውና ካገኘህ ደውልልኝ።»

ተቀብዬ ደረቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ። መንገዱ ቻይናውያን የሠሩት ነው፤ እስከ ወልዲያ ይወስዳል። የከተማው ስም በከንቱ አልወጣም፤ ነፋሱ ጋቢዬን ሊወስድብኝ ነበር። የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ሦስት ሱቆች ገባሁ። ጎማዋን እያገላበጡ አዩ። የለም።

ነፋስ መውጫ ያለችበት ጋይንት የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚደረግ ድጋፍ፣ አገር ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ትልቁ ለውጥ ለጋሾቹ በየፊናቸው መሮጣቸውን ትተው በመንግሥት በሚመራ አንድ ፕሮግራም ሥር መግባታቸው ነበር። የዓለም ባንኩም፣ አሜሪካውም፣ እንግሊዙም፣ አውሮፓ ኅብረቱም አንድ ዕቅድና አንድ አሠራር ያዙ። በየዓመቱ ረኃብ እስኪመጣ ጠብቆ «ድረሱልን» ከማለት፣ እንደሚመጣ የታወቀውን ክፍተት አስቀድሞ መሙላት። ጉልበት ያለው ሰው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይሠራል፣ በዓመት እስከ 6 ወር። እርከን፣ መንገድ፣ ኩሬ። ክፍያው ብር ወይም እህል ነው፤ እህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ። አዛውንትና አቅመ ደካማ ሳይሠሩ ያገኛሉ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ወገብ ላይ እርከን የሚሠሩ ሰዎች አገኘሁ። ድንጋዩ በሥርዓት ተደርድሯል። ከሥሩ ያለው ማሳ አፈሩ እንዳልታጠበ ከሩቅ ይለያል። አንዲት የአራት ልጆች እናት ለአፍታ አረፍ ብለው አናገሩኝ። ብር ይሻላል ወይስ እህል አልኳቸው።

«ገበያው ርካሽ ሲሆን ብር፤ ሲወደድ እህል። ዋናው ግን በቀኑ መምጣቱ ነው። ወር ካለፈ እበደራለሁ። ሲመጣ የብድሩን ከፍዬ ባዶ እጄን እገባለሁ። ፍየሏን ከሸጥኳት በኋላ ቢመጣ ምን ሊያደርግልኝ?»

የክፍያ መዘግየት ፕሮግራሙ ከተጀመረ ጀምሮ ሲነሣ የኖረ ችግር ነው። በሪፖርት ላይ አንድ መስመር ነው። ለእኚህ እናት ግን አንዲት ፍየል ናት። ሴፍቲኔት ብዙ ሰው ከሞት አትርፏል፤ ይህን እርከኑም ሰዉም ይመሰክራል። ብሩ በቀኑ ቢደርስ ደግሞ ፍየሏም ትተርፍ ነበር። ለዚህ አዲስ ፕሮጀክት አያስፈልግም፤ ያለውን በሰዓቱ ማድረስ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ጋሸናን አልፈን የድልብን ጠመዝማዛ ወርደን ወልዲያ ገባን። ሙቀቱ ከጋይንት ብርድ በኋላ ደስ ይላል።

ገበያ ውስጥ አንድ አህያ የተጫነበት ኮርቻ ሥር የስንዴ ጆንያ ተሰፍቷል። «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚለው ጽሑፍ ገና አልጠፋም። ባለአህያው ሽማግሌ ጆንያውን ትኩር ብዬ ሳይ አይተውኝ ወሬ ጀመርን። በ77ቱ ረኃብ ኮረም መጠለያ ነበሩ። ሁለት ወንድሞቻቸውን እዚያ ቀብረዋል።

«ስንዴው መጣ» አሉ። «መጣ፤ እኔ በእሱ ነው የተረፍኩ። ወንድሞቼ ግን ሲመጣ አልነበሩም።»

ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያን ጊዜ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለለጋሾች ጥሪ ያቀረበው በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ነበር። ዓለም የተንቀሳቀሰው በጥቅምት 1977 የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። መንግሥትም በዚያው መስከረም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ያከብር ነበር። መካከል ላይ ያሉት ወራት የስንት ሰው ዕድሜ ናቸው። አሁንም ቢሆን እህል ከባሕር ማዶ ተጭኖ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። የአሜሪካ ሕግ ከምግብ እርዳታው ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ባለ መርከብ እንዲጫን ያዝዛል። እንዲህ ያለው ገንዘብ ከፊሉ የሚውለው ለመርከብ ባለቤት ነው። ጎጃም ላይ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋ ሲወድቅ፣ እዚያው ገዝቶ ጋይንት ማድረስ የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ነው። እኔ ራሴ መጣሁበት እኮ።

ከሰዓት በኋላ ስለ ጎማዋ ጠየቅሁ። አንድ ባለሱቅ ገና ሲያያት አወቃት።

«ድሮ እሸጥ ነበር። ሦስት ካርቶን አመጣሁ። ወዲያው አንድ ፕሮጀክት መጥቶ በየቀበሌው በነፃ አደለ። የእኔ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ፕሮጀክቱ አልቆ ሲሄድ ሰዉ ወደ እኔ መጣ፤ እኔ ደግሞ ትቼዋለሁ። ማን ሁለተኛ ይከስራል?»

በዚህ ጉዞ ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነገጠኝ የለም። እኔም እኮ «መለዋወጫ በነፃ ተሰራጨ» ብዬ በደስታ ጽፌያለሁ። ከዚያ ጀርባ አንድ ሱቅ እንደሚዘጋ አስቤው አላውቅም። በነፃ ከማደል ይልቅ ባለሱቁ እንዲያመጣ ማበረታታት፣ ኮሚቴው በራሱ ብር እንዲገዛ መተው ይሻላል። ጎማዋ ርካሽ ናት፤ መንደሩም ብር አለው። የጎደለው መካከል ላይ ያለው ሰውዬ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 10

ደሴ። እሑድ ቢሆንም የሙስሊሞቹ ሱቆች ክፍት ናቸው። አራተኛው ሱቅ ላይ አንድ ረጋ ያሉ አባት መነጽራቸውን አድርገው ጎማዋን ተመለከቱ። ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ ገቡ። አቧራ የጠጣ ላስቲክ ይዘው ወጡ። ውስጡ ስድስት አለ።

ስድስቱንም ገዛሁ። ዋጋቸው ተደምሮ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ደረሰኝ ጻፉልኝ። መናኸሪያ ሄጄ በነጋታው በደብረ ታቦር በኩል ባሕር ዳር ለሚሄድ ሹፌር አሽጌ ሰጠሁት። ከዚያ ደወልኩ።

«እማማ፣ አገኘሁ። ስድስት። ነገ ደብረ ታቦር ይደርሳል።»

«እሰይ! ተባረክ ልጄ! ስንት ብር ወጣ?»

«ግድ የለም እማማ፣ ይህችንስ እኔ ልቻላት።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አይሆንም» አሉ። «መዝገብ ላይ ምን ብዬ ላስጽፍ? ደረሰኙንስ ይዘሃል?»

«ከዕቃው ጋር ታሽጓል።»

«በል እንግዲህ የባንክ ቁጥርህን ንገረኝ። ቀስ እያልክ፤ ልጄ ይጽፈዋል።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ልጁ ከኋላ እየደገመ ሲጽፍ ይሰማኛል። መጨረሻ ላይ አንዱን ቁጥር ሳተ፤ እሳቸው አረሙት።